ወንድሜን ለጠመንጃ ለዳሩት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ምንይሉ
የጀግኖች ማስታወሻ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሳይደፍርዎ፣ የደሴ ዳገትም ትንፋሽዎን ሳያሳጥረው፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በመልካም የምግብ ፍላጎት ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለብዕርዎም ትንሽ ዕረፍት እመኝለታለሁ፤ ሰሞኑን ከአቅሙ በላይ እንደሠራ በዓይኔ አይቻለሁና።

ሱዓድ ሀምዱ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል ተዘርግቶ የተሰቀለው የምክትል መቶ አለቃ ሀፊዝ ሀምዱ ታላቅ እህት ነኝ። እንደሚያስታውሱት ወንድሜ ከዕጩ መኮንንነት ተመርቆ፣ ማዕረጉ ትከሻውን ገና ሳይለምደው ጦርነቱ ደረሰና ወደ ግንባር ሄደ። ስልክ በተቋረጠባቸው በእነዚያ ወራት በጭነት መኪና ሾፌሮች እጅ ደብዳቤ ይልክልን ነበር፤ እኔም ከሾፌሮቹ ተቀብዬ፣ በሚኒባስ ቦሩ ሜዳ ወጥቼ ለእናቴ ለሰዒዳ አነብላት ነበር። እናቴ አንዱን ደብዳቤ ደጋግማ ታስነብበኝና መጨረሻ ላይ «በይ፣ ሳል እንደሌለበት የሚለውን ብቻ ድገሚልኝ» ትለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኮሚቴዎ ቦሩ ሜዳ ድረስ መጥቶ «የጀግናውን ደብዳቤዎች ለትውልድ እናቆይ» ባለ ጊዜ እናቴ መርቃ ሰጠች። ኮሚቴውም ቃሉን ጠብቆ፣ ቀድቶ ሲጨርስ ዋናዎቹን መለሰልን፤ «እንዳሉ ለሕዝብ የሚቀርቡ ስላልሆኑ» የሚል ማብራሪያ ስለጨመረበትም ልዩ ምስጋናችን ይድረሰው። የማብራሪያው ትርጉም የገባን ግን ዐውደ ርዕዩ በተከፈተ ዕለት፣ እናቴን ደግፌ በሰኞ ገበያ ግፊያ መሃል አልፌ አዳራሽዎ ስገባ ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጢሙ። ሀፊዝ ጢም የለውም። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ቢመኝም ፊቱ እሺ አላለውም። ኮሚቴዎ በኮምፒውተር ምኞቱን ስላሳካለት ውለታው አይረሳም፤ እናቴ ፎቶው ፊት ብዙ ቆማ «ሱዓድ፣ ይኼ ሰውዬ የማን ልጅ ነው? መልኩ አዲስ አልሆነብኝም» አለችኝ። ሰሞኑን ደግሞ ሀፊዝ ራሱ በፈቃድ መጥቶ ሊያይ ቢገባ ጥበቃው «ወንድሜ፣ ከጀግናው ራቅ በል» ብሎታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጫማው። ወንድሜ ከማሠልጠኛው የጻፈው «እማ፣ የሰጡኝ ጫማ ሰፊ ነው፤ እኔ ስዞር እሱ ቀጥ ብሎ ይቀራል» የሚል ነበር። በግድግዳዎ ላይ «የአገሬ ምድር ከእርምጃዬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ» ሆኗል። ተማሪዎቼ አንድን ዐረፍተ ነገር በራሳቸው አባባል እንዲጽፉ ሳዛቸው ቢያንስ ጫማውን ጫማ አድርገው ይተዉልኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጋብቻው። ሀፊዝ ከግንባር «ጠመንጃዬን አቅፌ ነው የምተኛው፤ ለለይላ እንዳትነግሪያት፣ ትቀናለች» ብሎ ቀልዶ ነበር። እርስዎ «ሙሽራዬ ጠመንጃዬ ናት፤ ሌላ ሙሽራ አልሻም» ብለው አሳመሩት። ክቡር ሆይ፣ ለይላ በእውን ያለች ሰው ናት፤ የኮምቦልቻው የሐጂ ሳዲቅ ልጅ፣ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ለወንድሜ የታጨች። ወንድሜን ለጠመንጃ ሲድሩት ከእሷ ጋር መፋታቱ ነበር።

አራተኛውን ግን በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም። ሀፊዝና ወታደሮቹ አንድ ኮረብታ ላይ ተከበው በነበረ ጊዜ ለእናቱ የጻፈው ይህን ነበር፦ «ጭጋጉ እስኪወፍር ጠበቅን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልጆቹ እንዳያዩብኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ገደሉን ይዘን ወረድን። ታች ደርሰን ስቆጥር ሁሉም አሉ። ሲራመድ ድንጋይ የማይስተው ብሩ እንኳ አለ። እማ፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ።» በእርስዎ ብዕር ደግሞ፦ «ጓዶቼ በግራ በቀኝ ሲወድቁ ዞር ብዬ ሳላይ ወደ እሳቱ ገሰገስኩ።» ጥይት የሳታቸውን ልጆች ብዕርዎ አልሳታቸውም። ዛሬ ደሴ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳው ብሩ ይህን ካነበበ በኋላ ለሀፊዝ ደውሎ «መቶ አለቃ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ተሳፋሪ ጭኛለሁ እኮ» ብሎታል።

ሐጂ ሳዲቅ ግን መሳቅ አልቻሉም። በወደፊት አማቻቸው ሊኮሩ ከኮምቦልቻ የወጡ ሽማግሌ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ለእናቴ መልእክት ላኩ፦ «ሰዒዳ፣ ልጅሽ ጀግና ነው፣ አላህ ይጠብቀው። እኔ ግን ልጄን የምሰጠው ዞር ብሎ ለሚያይ ሰው ነው። ጓዶቹ ሲወድቁ ያላየ፣ እሷ ብትወድቅ ያያታል?» ጋብቻው ቀረ ተባለ። እናቴ እህል አልቀመስም አለች። ለይላ ከፋብሪካ ስትወጣ ደውላልኝ «አባቴን አልቃወምም፤ ግን ወላሂ ሀፊዝ እንዲህ አይናገርም» አለችኝ።

ቢሮዎ የመጣሁት በማግስቱ ነበር። ወንበር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። «እህቴ፣ ሕዝብ ጀግና ይፈልጋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ መኮንን ማን ቆሞ ያያል?» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝም እንዲሁ። የቀረኝ ዋናውን ደብዳቤ ለሐጂ ማንበብ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃቱ የእኔ ሳይሆን የወንድሜ ነውና ደውዬ አስፈቀድኩት። ክፍለ ጦሩ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ ይሰማል ብሎ እንደሚያስብ ገብቶኛል። በመጨረሻ «አንብቢላቸው። የማይወስዱኝ ከሆነም የፈራሁትን እኔን አውቀው ይተዉኝ» አለኝ።

ሐጂ ሳዲቅ ቤት ገብቼ አነበብኩላቸው። «እጄ» የሚለው ላይ ስደርስ «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ኪሱ ውስጥ ከተተው?» ብለው ጠየቁ። ከጓዳው በር ጀርባ ለይላ እንደቆመች በጥላዋ አውቄአለሁ። ከዚያ ሽማግሌው ሳቅ ጀመራቸው፤ እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ እኮ ልጄን የሰጠሁት ለዚህኛው ነው» አሉ። «ያኛውን፣ የግድግዳውን፣ ለባለቤቱ መልሱለት።» ከጓዳ የተሰማው እልልታ ሐጂን ራሳቸውን አስደንግጧቸዋል።

እነሆ ሀፊዝ በፈቃድ መጥቶ ኒካው ታስሯል። ስለዚህ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ግድግዳውን ያፍርሱ አልልም፤ ብዙ ደክመውበታል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሥሩ፣ በትንሽ ወረቀት ቢሆንም፣ የጭጋጉን ደብዳቤ ወንድሜ እንደጻፈው ይለጥፉልን። ብሩን የሚያውቁ ሰዎች ያንብቡትና በሕይወት መኖሩን ይስሙ። ቆሞ የሚያይ ከጠፋ እናቴ በየሳምንቱ መጥታ ቆማ ታያለች።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ብዕርዎ ግን በሚያውቀው ነገር ብቻ እንዲወሰን ዱዓ እያደረግሁ፣ ለወንድሜ ያልኖረውን ሕይወት ለሰጡት፣ የኖረውን ሊወስዱበት ጥቂት ለቀረዎ ለእርስዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እገልጻለሁ።

ታዛዥዎ፣
ሱዓድ ሀምዱ
ከኮምቦልቻ

ማስታወሻ፦ የሠርጉ ድግስ በመጪው እሑድ ቦሩ ሜዳ ነው፤ እርስዎም በእናቴ ስም ተጠርተዋል፣ መልካም ሥጋ ይቀርብልዎታል። ንግግር ይዘው እንዳይደክሙ ግን አደራ እላለሁ፤ ሙሽራው በገዛ አፉ ይናገራል፣ ሲሳሳትም ከእንግዲህ የምታርመው ለይላ ናት።