ሁሉም ሲጠራ እኔ ቀረሁ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትጣያላችሁ? እማዬስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤን ግን አትጠይቂው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩንም ስላላመንኩት ነው። ሳቂብኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኛ ማስታወቂያ የሚያወጣበት ገጽ አለው። እዚያ ላይ ስለ ሠራተኛ ማኅበር የሚያስረዳ ጽሑፍ ሊንክ ወጣ፤ ማን እንደለጠፈው እስካሁን አልታወቀም። ሁላችንም በየኮምፒውተራችን ተደብቀን ተጫንነው። ብዙም ሳይቆይ ያነበቡት በሙሉ አንድ በአንድ አለቃ ዘንድ እየተጠሩ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወሩ። እኔ ብቻ ቀረሁ።

ወይ ጉዴ! ከዚያ ወዲያ ፈረቃ ስንቀያየር ሻይ ክፍል ስገባ ወሬው ይቆማል። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖረው፣ እሷም ወደ ሌሊት የተዛወረችው የመሥሪያ ቤታችን ፖስታ አሻጊዋ ጓደኛዬ እንኳ፣ ነጋሪውን እግዜር ያጋልጠው አለች፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። ተቃጠልኩ። እኔም በተራዬ እሷን ጠረጠርኩ፤ በእኔ ላይ ጣቷን የምትቀስረው የራሷን ልትሸፍን ይሆን እያልኩ። ከአንድ ድስት እየበላን ተኮራረፍን።

በኋላ ኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። የእኔን ኮምፒውተር ከእርጅናው የተነሳ "አያ ሽበቱ" ነው የምንለው። ለምን እኔን እንደዘለሉኝ ብጠይቀው፣ በዚያ ገጽ ላይ ሊንክ ስትጫኚ ማን ምን እንደተጫነ የሚናገር መልእክት ከጀርባ ለአለቃ ይላካል፤ አዲሶቹ ብራውዘሮች፣ ገጽ መክፈቻዎቹ፣ ገጹን ለቀሽ ብትሄጂም ያደርሱታል፣ ያንቺው አሮጌ ግን ገጹ ሲቀየር መንገድ ላይ ይጥለዋል አለኝ። ለካ የነገረብን ሰው አልነበረም!

ሮጬ ለአሻጊዋ ነገርኳት። አሁን ደግሞ በማሽን ታሳብቢያለሽ ብላ ፊቷን አዞረች።

ሥራው ከሄደ ምን እንደሚጠብቀን ታውቂያለሽ፤ ፈርቼ ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት እሷ ከሌሊት ፈረቃ ሳትወጣ ደርሼ፣ የፖስታ አድራሻ በምታትምበት አዲስ ኮምፒውተር በራሴ ስም ገባሁና፣ ዓይኗ እያየ ያንኑ ሊንክ ተጫንኩ። ከምሳ በፊት ተጠራሁ። ከአለቃ ቢሮ ስወጣ አሻጊዋ ወደ ቤት ሳትሄድ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቅፋኝ አለቀሰች። ከሰኞ ጀምሮ እኔም የሌሊት ፈረቃ ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ፈረቃው ግን አትንገሪያት። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ንከሽልኝ። አሻጊዋም ሰላም ብላሻለች። ፖስታውን የምታሽገው እሷ ናት፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ሌላ ሰው ጠርጥሪ።

እህትሽ
ከተከራየናት ክፍል፣ ኅዳር ፱ ቀን