የአባባ እብጠቶች

ውድ ወንድሜ በዳሳ፣ የዱባይ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ሰሚት ውሃ ከመጥፋቱ በቀር በጌታ ጸጋ ደህና ነን።

እሁድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ሊጸልይልኝ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ከአባባ የወረስኳቸውን እብጠቶች በሻሼ ላይ ሲዳብስ ደንግጦ "ባለ ቀንዱ፣ ውጣ!" ብሎ ጮኸ። "የአባቴ ናቸው ፓስተር፣ ሐኪሙም ጉዳት የላቸውም ብሏል" ብዬ ብለፈልፍ ማን ሰምቶኝ! ኪቦርድ ተጫዋቹ ጭራሽ የድል መዝሙር ጀመረ። ልጄ ሲፈን በሳቅ ልትሞት ነበር።

የእሷን ሹሩባ አሁን ጎረቤት አላሠራም፤ እኔው ነኝ የምሠራት። ትናንት "እማዬ፣ ጣትሽ እዚህ ጋ ለምን ቆመ?" አለችኝ። "ጨረስኩ" አልኳት፤ ግማሽ ጭንቅላቷ ገና ሳይሠራ።

እልክልሻለሁ ያልከኝን ኮፍያ አትርሳ፤ አንድ ትንሽዬም ጨምርበት። ስትወጣም ስትገባም ጌታ ይጠብቅህ።

እህትህ ሌንሴ