በግራ ዓይን ብቻ ስለሚወርድ እንባ

ለቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ሮቤ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በካርዴ ላይ «ምክንያት፦ ሐዘን» ተብሎ የተጻፈው ተስተካክሎ፣ የእንባ መውረጃ ቦዬ ፎቶ እንዲነሳ ሪፈር እንዲጻፍልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በሮቤ ገበያ በሶ ሸጬ የምተዳደር ነኝ። ልጄ ልደት ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ለእርሷ ያለቀስኩት በሁለቱም ዓይኔ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ግራ ዓይኔ ብቻውን ያነባል። ሳዝን ያነባል፤ በሶ ስመዝንም ያነባል።

1. መጀመሪያ ወደ ጣቢያዎ ስመጣ የተቀበለኝ ጤና ባለሙያው ሻፊ ነው። የእድራችን አባል ሲሆን የልጄን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። እንዳየኝ የራሱም ዓይን እንባ አቀረረና ሳይመረምረኝ «ሐዘን» ብሎ ጻፈ። በክፋት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

2. ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ካርዴን ያነበበ ሁሉ እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እግዜር ያጽናሽ፣ እናቴ» ይለኛል። ጸንቻለሁ። መድኃኒት ቤቱ ግን ይህን ትእዛዝ አያውቀውም።

3. አጠገቤ የምትሸጠው ረቢያ «አንቺ፣ ግማሽ ፊትሽ ለቅሶ ቤት፣ ግማሹ ገበያ ነው፤ ደንበኛው የት ጋ እንደሚቆም ቸገረው» ትለኛለች። ስስቅ ደግሞ ይብስብኛል። በመስከረም ግን በዓይኔና በአፍንጫዬ መካከል አብጦ መግል ሲወጣው እርሷም አልቀለደችም።

4. እብጠቱ በጠፋ በወሩ ወደ ሲናና ወረዳ ለዓይን ሕክምና ዘመቻ የመጣች ሰቢሪና የተባለች ነርስ በዓይኔ ጥግ ባለችው ቀዳዳ ጨው ያለው ውሃ ጨመረችና «ጉሮሮሽ ጋ ጨው ጨው አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላለኝም፤ ውሃው ተመልሶ በጉንጬ ወረደ። እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቦይ እንዳለው የዚያን ቀን ተማርኩ፤ የእኔው ተደፍኗል። በዕድሜ ይጠባል፣ በአፍንጫ ሕመም ይዘጋል፣ ጠጠር ወይም እባጭም ሊሆን ይችላል አለችኝ። የትኛው እንደሆነና የቱ ጋ እንደተዘጋ የሚታየው ቀለም ገብቶበት ፎቶ ሲነሳ ነው። ለዚያ መጀመሪያ ጎባ ሆስፒታል መቅረብ አለብኝ፤ ሪፈሩን የሚጽፈው ደግሞ ጣቢያዎ ነው። ካርድ ክፍል ግን «ለሐዘን ሪፈር የለም» ብሎ መለሰኝ።

ስለዚህ ካርዴ ታርሞ፣ ዓይኔ ተመርምሮ ሪፈሩ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ጥፋቱን በሻፊ ብቻ አላሳብብም። «ሐዘን» ብሎ ሲጽፍ እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ። ዓይኔ ከደረቀ ልጇን ረሳች የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ስለሚፈስ፣ ለልደት ያለቀስኩት የቱ እንደሆነ እኔም መለየት አቅቶኛል። እርሱን እንዳውቀው ይርዱኝ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

እኅተማርያም ፍቅረሥላሴ
(ፊርማ)