አሥር ሰዓት፣ ከግራሩ ሥር

ሰኞ

ወንድሜ ማርቆስ፣ ቀትር ላይ ፊልም አንቀርጽም ያልከው ልክ ነው። ብርሃን ከአናት ሲወርድ ፊት የራስ ቅል ይመስላል። አንተንም ከቆላ በጭነት መኪና ሲያመጡህ ቀትር ነበር። ጥይቱ በማጅራትህ ገብቶ መንጋጋህን ይዞት ወጥቷል።

የፊልማችንን ቦታ ልትመርጥ ነበር የሄድከው። አንድ ከብት ጠባቂ የካሜራውን ማቆሚያ ትከሻህ ላይ ሲያይ ጠመንጃ መስሎት ተኮሰ አሉ። ደብተርህ ተርፏል። ደም ነክቶታል፤ ግን ይነበባል።

ማክሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እንዲህ ጽፈሃል፦ «አሥር ሰዓት። ጠባቂው ከግራሩ ሥር ይቀመጣል። ከጀርባው እናንሳው።» አንተን ያመጣህ ሹፌር እንዳለው የተኮሰብህ ይኸው ሰውዬ ነው።

ከጀርባው ስድስት ጊዜ ሳልኩት። በጥይት። በጦር። በድንጋይ ጭንቅላቱን። አንዱ ላይ አንጀቱን ዘረገፍኩት። በጥቁርና ነጭ ፊልም ደም ጥቁር ነው ስላልከኝ በከሰል አጠቆርኩት። ስድስተኛው አማረልኝ። ደስ አለኝ።

ረቡዕ

ለለቅሶ ከገጠር የመጣው አጎታችን ስድስተኛውን ሥዕል ከእጄ ነጠቀኝ። ማንበብ አይችልም፤ ሥዕል ግን ገባው። «ሰውዬው ይኼ ነው?» አለ። ነው አልኩት። «ብቻውን?» ብቻውን።

«ጀርባውን ሰጥቶ! እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት መፈክር ብቻ የሚያስተምሩህ መስሎኝ!» ብሎ ሳቀ። ምንሽር ጠመንጃውን ወለወለ። መንገዱን ከደብተርህ እያየሁ አስረዳሁት።

ሐሙስ

ምንሽሩን በጆንያ ጠቅልሎ በጨው መኪና ወደ ቆላ ወረደ። ነገ አሥር ሰዓት ግራሩ ጋ ይደርሳል።

ከሄደ በኋላ የደብተርህን ቀጣይ ገጽ ገለጥኩ። ያንኑ ሰው ከፊት ስለኸዋል። ጭኑ ላይ ሕፃን ተኝቷል፤ ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ። ሕፃኑ ከጀርባ አይታይም።

ልዋሽህ አልችልም፤ ማክሰኞም አይቼው ነበር። ሥዕሌን ያበላሽብኛል ብዬ ገጹን መለስኩት። የምንሽር ጥይት ደግሞ አንድ ሰው ላይ አይቆምም።

ወደ ቀበሌ ለመሄድ ፈራሁ።

ዓርብ

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ፤ በዚህ ቤት የመጀመሪያዬ ነው። ፊቴን ሳልታጠብ ቀበሌ ሄጄ አጎታችን ሰው ሊገድል መውረዱን ተናገርኩ። በር ላይ የቆመው ሚሊሺያ «የወንድምህ ደም ሳይደርቅ አጎትህን ልትሸጥ መጣህ?» ብሎ በሰደፍ አፌን አለኝ። ወደቅኩ። ተነሥቼ ያንኑ ደገምኩለት። ደግሞ መታኝ። ስጮኽ ሊቀመንበሩ ወጥተው ሰሙኝ።

ሦስት ሚሊሺያ በላንድሮቨር ተነሣ። ሕፃኑ ያለበትን ገጽህን ቀድጄ ለላንድሮቨሩ ሹፌር ሰጠሁት። «ግራሩ ይኼ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ድረሱ» አልኩት። ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁ።

መንገዱ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ገና አራት ሰዓት ነው።