ለሁለት ዓመት ብቻ ያሳደስሽው መንጃ ፈቃድ

ለእታለም ሙሉ፣

ናፍቀሽኛል ብዬ እንድጀምር እየጠበቅሽ ከሆነ፣ አልጀምርም። ተቀይሜሻለሁ። ሳጥንሽን በካርጎው በር አስረክቤ ከደማም አውሮፕላን ማረፊያ ብቻዬን ከተመለስኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንደ ሰው አለቀስኩልሽ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ያለኝ ንዴት ብቻ ነው፤ ደብዳቤውም ለሱ ነው። ደግሞ ፊደል ገደፍክ ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ እንዳታርሚ። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው የጻፈው፣ እንዳለ ተቀበዪው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስሽ። አሁንም ኹበር እዚያው ቤት ሾፌር ነኝ። ማዳም ልጆቿን ትምህርት ቤት ሳደርስ እንደ ድሮው አልዘፍንም ብላ ታማኛለች አሉ፤ ስዘፍን ደግሞ ዝም በል የምትለኝ እሷው ነበረች። ቱቅባ ያለው ክፍላችን ውስጥ ሰባተኛ ሰው ገብቷል። ማንኮራፋቱን ቀድቼ የራሱ ስልክ መቀስቀሻ አደረግሁለት፤ በገዛ ማንኮራፋቱ ደንግጦ ይነሳል። ላንቺ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነው መሞትሽ ትዝ ያለኝ። ይኸውልሽ፣ ቀልዴን እንኳ አበላሸሽብኝ። እማዬ የምረቃ ፎቶሽን ሳሎን ሰቅላዋለች። ያ ፎቶ ያምራል። የምጠላው ለዚህ ነው፣ አንቺን አይመስልም።

አሁን ወደ ጠባችን።

ሩኽሳዬን፣ መንጃ ፈቃዴን፣ ያወጣሁ ቀን ደማም ኮርኒሽ ባሕሩ ዳር መኪናሽን አቁመሽ፣ የኔንና ያንቺን መንጃ ፈቃድ ጭንሽ ላይ ደርድረሽ ስታስተምሪኝ ትዝ ይልሻል? ረጅሙ ቁጥር የኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ ነው አልሽኝ። ኹሱሲ የሚለው የቤት መኪና ብቻ ንዳ ማለት ነው፣ አውቶብስ እንዳትነካ። ይህቺ ምልክት ያለ መነጽር መንዳት ክልክል ነው ማለት ናት፤ ያንቺ ላይ ነበረች፣ የኔ ላይ የለችም፣ ለዚህም አንድ ወር ሙሉ አሾፍኩብሽ። ይሄ የደምህ ዓይነት ነው፣ ከኔ ጋር አንድ ነው፣ አልሽኝ። ያኔ ነርስነትሽ መጣና ስለ ደም ብዙ ደሰኮርሽ። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱ የሂጅራ፣ አንዱ የፈረንጅ። የኛስ የታለ ብዬ ስጠይቅሽ የኛ የለም፣ የኛን በጭንቅላትህ ያዝ አልሽኝ። እንዴት እንደምይዘው ስታብራሪ ግን እኔ የቦርሳሽን ማንገቻ ከመቀመጫው ጋር እያሰርኩ ነበር። ልትወርጂ ስትይ ቦርሳሽ ጎትቶ መለሰሽ። ስቄ ልሞት። ያንን ትምህርት አላዳመጥኩትም፤ ዘንድሮ ነው ዋጋዬን ያገኘሁት።

ሌላም ትዝ ይለኛል። የኔን ጉርድ ፎቶ ያንቺው ካርድ ላይ ለጥፌ ቦርሳሽ ውስጥ መልሼ ያስቀመጥኩት። ፖሊስ አስቆመሽና ካርዱን ሰጠሽው፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ጢሜን፣ አንድ ጊዜ አንቺን እያየ ቆመ አሉ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። በስምንተኛው ቀን ልታረቅሽ ብዬ የምትወጂውን ሽሮ ወጥ ስሠራልሽ ጨዉን በስኳር ለውጠሽ ጠበቅሽኝ እንጂ ይቅር አላልሽኝም። ቂመኛ ነበርሽ። እኔም ካንቺ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ የሄድንበት አርብ። አሸዋው ላይ ተቀምጠሽ ስልክሽ ላይ መንጃ ፈቃድሽን ታሳድሻለሽ። ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ዓመት ብሎ አማረጠሽ። አንቺ ጫማ እንኳ ስትገዢ አሥር ዓመት ይቆያል ወይ ብለሽ ባለሱቁን የምታደርቂ ሴት፣ ሁለትን ነካሽ። እኔም በትከሻሽ ላይ አጮልቄ አየሁና አፌን ከፈትኩ።

"ምነው እታለም፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?"

ሳቅሽ። ሻይሽ እስኪደፋ ሳቅሽ።

"ይሄ ፎቶዬ አስጠልቶኝ ነው። በሁለት ዓመቱ ቆንጆ ሆኜ እነሳለሁ።"

አመንኩሽ። ለምን አላምንሽ? ፎቶሽን ሌባ ትመስያለሽ እያልኩ ያስጠላሁሽ እኔው ነኝ።

በሰባተኛው ወር ሞትሽ። እስከዚያ ጨጓራዬ ነው ስትዪኝ ነበር። ከመኖሪያሽ ቦርሳሽን ሲያስረክቡኝ ከካርዱ ጋር የታጠፈ የሐኪም ወረቀት አገኘሁ። አብራሽ የምትሠራዋ ልጅ አነበበችልኝ፦ የደም ካንሰር፣ ቀኑ ጥቅምት። እሷ ስትሄድ እኔ ካርድሽን አወጣሁ። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን ቀልድ ስቀልድብሽ ታውቂ ነበር ወይስ አታውቂም። ማብቂያው ወር አሥራ አንድ ይላል። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቆጠርኩ። በጣቴ ከመስከረም ጀምሬ ስቆጥር አሥራ አንደኛው ሐምሌ ነው። ሐምሌ ከጥቅምት ይቀድማል። እፎይ አልኩ። አታውቅም ነበር፣ ንጹሕ ሳቅ ነው የሳቀችው አልኩ። ለቅሶዬን በዚያ ነበር የምችለው።

ማክሰኞ ልጆቹን አድርሼ ስመለስ ትራፊክ አስቆመኝ። ካርዴን ሳቀብለው ዓይኔ ማብቂያው ላይ አረፈ፤ ወር አራት። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ታኅሣሥ። አለቀልኝ፣ ካለፈ ሦስት ወሩ። ሰውየው ምንም ሳይጠይቀኝ ልመና ጀመርኩ፤ አሠሪዬን ካፊሌን አነሳሁ፣ እናቴን አነሳሁ፣ አንቺንም አነሳሁሽ። ግራ ገብቶት ካርዱን ደጋግሞ አየው። ከዚያ በጥፍሩ ቁጥሩን መታ መታ እያደረገ፣ አራት ማለት አፕሪል ነው፣ ገና ወር ይቀርሃል፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሂድ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም በራሴ እየሳቅሁ ተነሳሁ። ሁለተኛው መብራት ላይ ሳቄ ቀጥ አለ። አራት ታኅሣሥ ካልሆነ አሥራ አንድም ሐምሌ አይደለም። በፈረንጅ አሥራ አንድ ኅዳር ነው። ኅዳር ከጥቅምት በኋላ ነው።

ለነገሩ ቁጥሩ ምን ያደርግልኛል፣ ድሮም ማወቅ ነበረብኝ። ያን ቀን በርዶሽ ጃኬቴን ለብሰሽ ነበር። በሐምሌ፣ በዚያ እሳት፣ ኹበር ውስጥ ማን ጃኬት ይለብሳል? አሸዋው ላይስ ማን ይቀመጣል? ትዝታው እዚሁ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፤ ልየው ስላልፈለግሁ ነው። ከኋላዬ ጥሩምባው ሲደባለቅ ነው መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን ያወቅሁት።

አንቺ ውሸታም። አውቀሽ ሳቅሽ። እኔ ስለ ሞትሽ ስቀልድ አብረሽኝ ሳቅሽ፣ ከዚያ ቤት ገብተሽ ብቻሽን ምን እንዳደረግሽ እግዜር ይወቀው። ይህ ልጅ ቀልደኛ ነው፣ ቁም ነገር አይሸከምም ብለሽ ነው አይደል? ደማችን አንድ መሆኑን ጣትሽን ካርዱ ላይ አድርገሽ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ታዲያ አንድ ብልቃጥ እንኳ ለምን አልጠየቅሽኝም? ባይጠቅምስ? ሆስፒታል ድረስ እየነዳሁ አደርስሽ አልነበር? ሾፌር እኮ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ታመሽ ራስሽ እየነዳሽ ስትመላለሺ፣ እኔ የሰው ልጆች ሳመላልስ ነበር።

ትናንት የኔን አሳደስኩ። ሁለት፣ አምስት፣ አሥር ብሎ አማረጠኝ። እጄ ሁለቱ ላይ ሄደ፣ ፈራሁ፣ ከዚያ አንቺን ለማናደድ አሥር አልኩ።

ያንቺው ካርድ ከኔ ጀርባ ኪሴ ውስጥ ነው። አላበቃም፣ ስምንት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ አልታረቅሽም፣ አትልፊ። ኅዳር ሲገባ ጃኬቴን ይዤ ኒስፍ አልቀመር እሄዳለሁ፣ እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጬ እናወራለን። ምናልባት ይቅር እልሽ ይሆናል። ካልሆነም ቁጣዬን አሳድሳለሁ፤ ለስንት ዓመት እንደሆነ ያን ቀን አይሻለሁ።

ቆንጆ ሆኜ እነሳለሁ ብለሽ ነበር። አልተነሳሽም። እማዬ በምረቃው ታስታውስሽ። እኔ በዚህችው ነው የማስታውስሽ፣ መነጽርሽ በተንጋደደው፣ ሌባ በምትመስይበት።

ያኮረፈው ወንድምሽ