«የአባ ቤት» ውስጥ የገባው ቪዲዮ

ኅዳር 3

መብራት ጠዋት መጣ፣ ከምሳ በፊት ሄደ። በመሀል ሦስት ጉርድ ፎቶ አነሳሁ፣ አንድ የምረቃ ፎቶ አተምኩ። ሱቁ በዚህ ይኖራል እንግዲህ።

የቀረውን ቀን ምን በላው? የሰገነት ቪዲዮ።

ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። ሰገነት ሪያድ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብር የተሠራው የአባቷ ቤት... በሩ፣ ቆርቆሮው፣ ጓዳው። አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ግን አባቷ ቄስ ገብረ ጻድቅ በሩ ላይ ቆመው ምርቃት ጀመሩ። ቄስ እየመረቁ «ይቅርታ አባ፣ ስልኬ ሊሞላ ነው» ይባላል? አይባልም። ሃያ ስምንት ደቂቃ መረቁ። እጄ እስኪዝል አሜን እያልኩ ቀረጽኩ።

እሷ ክላውድ ላይ ቦታ ገዝታለች። ፎልደሩን «የአባ ቤት» ብላዋለች፤ ለሁለታችን ብቻ ክፍት ነው። እኔ ከሰቆጣ እጭናለሁ፣ እሷ እዚያ ታያለች። ቀላል ነው... በወሬ!

83 ፐርሰንት ደርሶ ቆመ። ከዚያ ከዜሮ ጀመረ። ከዜሮ! ሰማንያ ሦስቱ የት ገባ? ተሸካሚ እንኳ ሲደክመው አርፎ ካረፈበት ያነሳል እንጂ ወደ ገበያ ተመልሶ እንደ አዲስ አይጭንም። ይህን አፕ የሠራው ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን መብራት ሄዶበት ያውቃል?

ኅዳር 5

ገባ! በሦስተኛው ቀን።

ሰገነት በድምፅ ላከችልኝ። መሳቅም ማልቀስም። «ምርቃቱን ሦስቴ ሰማሁት። አባ ግን አልከሱም?» አለችኝ። «ጾሙ ሳይገባ ይጾማሉ፣ ታውቂያቸው የለ» አልኳት። በሩ አረንጓዴ ይቀባልኝ አለች።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን። ሳቋ ናፈቀኝ።

ኅዳር 14

ቄስ ገብረ ጻድቅ ዐረፉ። አራት ቀን ብቻ ታመው።

ኅዳር 16

ትናንት ቀበርናቸው። የሰገነት ታላቅ ወንድም ደግሰው፣ ፃግብጂ ወረዳ የሚያስተምረው፣ ሁሉንም ቅረጪ አለኝ። ለቅሶውን፣ ፍትሐቱን፣ ቀብሩን። «ኋላ እንድታየው። አላየሁም ብላ እንዳይቆጫት።» ሦስት ሰዓት ተኩል ቀረጽኩ። እያለቀስኩ ስለነበር መጨረሻው አካባቢ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኝ።

«ለሰገነት እንዳትናገሪ።»

«እንዴት አልናገርም?»

«ሰው ቤት ናት። ማን ይይዛታል? መርዶ ብቻዋን ትስማ?»

ከአምደወርቅ ከተማ የሄደች ማስተዋል የምትባል ልጅ ሪያድ አለች። እሷ የአገር ልጆች ሰብስባ ታረዳታለች ተባለ። ግን ሰገነት ከዚያ ቤት የምትወጣው በወር አንድ ዓርብ ነው። የሚቀጥለው ታኅሣሥ 10። ሃያ አራት ቀን!

እውነቱን ነው፣ አልክድም። መርዶ በስልክ አይነገርም። በጠዋት ይኬዳል፣ ይከበባል፣ ይያዛል። ግን እስከዚያ ማን ነው የሚዋሻት? እኔ! የምትደውለው ለእኔ ነው። የእናቷን የእማማ ጸሐይነሽን ስልክ ደግሰው አጥፍቶ ኪሱ ከቶታል። እሱ ፃግብጂ ኔትወርክ የለም ብሎ ይገላገላል። እኔስ?

ኅዳር 19

ስልኬ «ቦታ የለም» ይለኛል። ቪዲዮው አሥራ ሦስት ጊጋ ነው። ኮምፒውተሬ መብራት ሲመጣ ተቃጥሎ ከተጣለ ሁለት ወሩ። ካርዱም ሙሉ። ማክሰኞ የቢሮ ስብሰባ ቅረጪ ተብያለሁ፤ በምን ላይ ልቀርጽ? በግንባሬ?

ስለዚህ ክላውድ ላይ መሄድ አለበት። በራሴ ስም አዲስ ፎልደር ከፈትኩ። «ቆይ» አልኩት። ከእኔ በቀር ማንም አያየውም፤ መርዶው ሲደርሳት ያን ጊዜ እከፍትላታለሁ። አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፣ ትንሽ ትንሽ ሲሆን ይገባ ይሆናል ብዬ።

ሆቴሉ ዋይፋይ የሚሰጠው ሻይ ላዘዘ ነው። ስድስት ሻይ ጠጣሁ። 47 ፐርሰንት... ዜሮ። 62... ዜሮ። አስተናጋጇ መጥታ «እህቴ፣ ሌላው ሰው ፌስቡክ አልከፍት አለኝ ይላል፣ ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ። ሰው እየቀበርኩ ነው አልላት ነገር።

ኅዳር 22

ደወለች። መድረሱ አይቀርም ነበር።

«አባ የት ሄደው ነው? የእማም ስልክ አይሠራም።»

«የእማማ ስልክ ተበላሽቷል። አባ ጸበል ገብተዋል።»

ከየት አመጣሁት? ምላሴ ብቻውን ሄደ። ቄስ ናቸው፣ ጸበል ያሳምናል።

«ስልክ አይፈቀድም እዚያ?»

«አይፈቀድም።»

«ስታገኛቸው ሰላም በላቸው በይው ለደግሰው። አንቺም ከሄድሽ ሰላም በይልኝ። በሩ አረንጓዴ ተቀብቶ ከሆነ አሳዪኝ ደሞ።»

«እሺ» አልኳት።

እሺ!

ኅዳር 25

ደግሰው ሱቅ መጣ። ቪዲዮው ገባ ወይ ይለኛል። ቪዲዮው!

«ውሸቱንስ? እሱን ማን ይሸከምልሃል?»

«ለሷ ብለን ነው።»

«ለእማማስ ምን አልካቸው? ልጄ አልደወለችም አይሉም?»

«ሰምታለች፣ ማስተዋልና የአገር ልጆች ይዘዋታል ብያታለሁ። ታርፍ ብዬ።»

ለአንዷ አልሞቱም፣ ለሌላዋ ሰምታለች። ይህ ሰውዬ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው? እንዴት ነው የሚደምረው? ጮኽኩበት። ፎቶ ሊነሳ የገባ ደንበኛ ተመልሶ ወጣ። የማስተዋልን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎልኝ ሄደ፣ ምናልባት ካስፈለገ ብሎ።

ኅዳር 28

ዛሬስ አበዛው።

በሩ በቀደም ተቀብቶ ነበርና ጠዋት ፎቶውን አንስቼ «የአባ ቤት» ውስጥ ጫንኩላት። ፎቶ ትንሽ ናት፣ ወዲያው ገባች። ከዚያ ወደ ቀብሩ ቪዲዮ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ 91 ደረሰ። ዘጠና አንድ! ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። መብራት ሄደ። ዜሮ።

እዚህ አገር ሐዘናችንም ፓኬጅ ያልቅበታል? ሰው ሞቶ፣ አልቅሰን፣ ቀብረን... ያለቀስነውን ለማስቀመጥ ደግሞ ሁለት ሳምንት ደጅ እንጥና?

ስልክ የሚጠግነው ደሞዝ «ለምን ትጠብቂዋለሽ፣ ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ እንዲጭን አድርጊው» አለኝ። አደረግኩት። እንዲህ ላድርግ ወይ፣ እንዲያ ይሁን ወይ፣ ሲጠይቀኝ ሲጠይቀኝ... ማን ያነበዋል በዚህ ንዴት? እሺ። እሺ። እሺ። ሂድልኝ ብቻ።

ቻርጅ ላይ ሰክቼው ተኛሁ።

ኅዳር 29

ልጻፈው።

ስነሳ መብራቱም ኔትወርኩም መጥቶ አገኘሁ። «ከ12ቱ 7 ተጭኗል» ይላል። ሰባት! ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን አፕ መረቅኩት። ፊቴን ታጥቤ እየዘፈንኩ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁን ስከፍት መልእክት ገባ።

«ፍቅር፣ እማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ማን ሞቶ ነው?»

ቁልፉ በሩ ላይ ቀረ። የት አየቻቸው? አፑን ከፈትኩ። «ቆይ» ባዶ ነው። ሰባቱም «የአባ ቤት» ውስጥ ተደርድረዋል፣ ከምርቃታቸው ሥር። ትናንት ይጠይቀኝ የነበረው ይህን ነበር፤ የት ላስቀምጥ? በመጨረሻ የጫንኩበትን አቅርቦልኝ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ደወለች።

«አባ ናቸው?»

ቁልፉን ከበሩ ነቀልኩ።

«ፍቅርአዲስ። አባ ናቸው?»

«አዎ።»

አልጮኸችም። መጮኽ አትችልም። ከኋላዋ ሴትዮዋ በዐረብኛ ስትጠራት ይሰማኛል፤ ውኃም ሲፈስ፣ ዕቃ ስታጥብ ነበር።

«መቼ?»

«ኅዳር 14።»

ስትቆጥር ሰማኋት። በጣቷ እንደምትቆጥር አውቃለሁ።

«ሰላም በይልኝ ስልሽ እሺ ብለሽኛል።»

«ሰገነት...»

«ማንን ነው ሰላም ያልሽልኝ?»

ዘጋችው።

ለማስተዋል ደወልኩ። «እኔም ሰው ቤት ነኝ እህቴ፣ ዛሬ በምን እወጣለሁ» ብላ አለቀሰች። እንግዲህ ሰገነት ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ዕቃዋን እያጠበች። ማንም ሳይይዛት።

ይህን አፕ... ይህን ኔትወርክ... ደግሰውን...! ወንበሩን በእግሬ መትቼ ጣቴ አበጠ።

ታኅሣሥ 1

ደግሰው መጣ። እኔ ልጮኽ ተዘጋጅቼ ሳለሁ እሱ ቀደመኝ። ኋላ ደከመውና ተቀመጠ።

«ስልኩ ነው እንላለን» አለ። «ያረዳት ስልኩ ነው። አንቺም እኔም የለንበትም። ለእማ ደሞ ምንም አይነገር፤ ድሮ የሰማች ነው የሚመስላት።»

ስልኩ ነው ሲል ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ቀለል አለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ሌላ ውሸት እየሰጠኝ እኔ እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ ማለት ነው?

ታኅሣሥ 4

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልነበረም። ዛሬ ጻፈች።

«አምስቱ ቀርተዋል። ቀብሩ የለበትም። ላኪልኝ። እንዳትቆርጪው።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ፍቅርም አላለችኝም።

ሆቴሉ ሄድኩ። አስተናጋጇ ስታየኝ ፊቷ ተቀያየረ። «የሰው ቀብር ነው፣ ልጁ አላየችም» አልኳት። ይኸው፣ ማለት ይቻል ኖሯል። ሄዳ ለባለቤቱ ነገረች፤ ሌሎቹን ዋይፋይ ዘግተው ለእኔ ብቻ ተዉልኝ። ሁለቱ ገቡ። ሦስተኛው 88 ላይ... ዜሮ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁ። አመሌ ነው፣ ምን ላድርገው። ግን እንደገና ጀመርኩ።

ታኅሣሥ 6

ሁሉም ገባ። «የአባ ቤት» ውስጥ። አሁን ትክክለኛ ቦታው ነው።

ታኅሣሥ 11

ትናንት ዓርቧ ነበር። ማስተዋል ስድስት የአገር ልጆች ሰብስባ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አብረዋት አለቀሱ። ዘግይቶም ቢሆን ተያዘች።

ሰገነት ቀርጻዋለች። አምሳ ደቂቃ። «ለእማ አሳዪልኝ» ብላ ፎልደሩ ውስጥ ከተተችው። ከሪያድ ለመግባት ስንት ፈጀ? አራት ደቂቃ፣ አለችኝ። እዚህ ለመውረድ ግን ከጠዋት ጀምሮ 9 ፐርሰንት ላይ ነን። ያው ለቅሶ፣ ያው ፎልደር! እዚያ አራት ደቂቃ፣ እዚህ ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ። ማን ነው እንዲህ ያከፋፈለን?

ታኅሣሥ 15

70።

ታኅሣሥ 16

ወረደ። ሳላየው ያዝኩት። ቀድሜ ማየት የኔ አይደለም።

ታኅሣሥ 23

ዛሬ የቄስ ገብረ ጻድቅ አርባ ነበር። ከሰቆጣ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ዝክሩ በጾም ወጥ። ካህናቱ በልተው ከሄዱ በኋላ ስልኩን ለእማማ ጸሐይነሽ በሁለት እጄ ያዝኩላቸው።

ሰገነት ወጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች፣ በኽምጣንጋ፣ በቤታቸው ቋንቋ፣ አባቷን ትጠራለች። እማማም በኽምጣንጋ መለሱላት። የምትሰማቸው መስሏቸው ነው... ወይም እንደማትሰማ እያወቁ። ኽምጣንጋዬ ጥቂት ነው። ጥቂቱም በቃኝ።

ሲያልቅ ዓይናቸውን ጠረጉና «ይህ መቼ ነው?» አሉ።

«ታኅሣሥ 10፣ እማማ።»

«ኅዳር ሰምታለች አላላችሁኝም? አሁን ነው የምታለቅሰው?»

ደግሰው መሬት መሬት ያያል።

«ማን ነው ያረዳት?»

«ስልኩ ነው እማ፣ በስህተት...» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያረዳኋት፣ እማማ። አባቷ ከሞቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን። እስከዚያ ጸበል ናቸው ብዬ ዋሽቻታለሁ። የት እንደሚገባ ሳላይ ቪዲዮውን ላክሁባት። ብቻዋን ነበረች፤ ማንም አልያዛትም።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «አባቷ ሞቶ በሰው ስልክ እንኳ አልደወለችልኝም ብዬ... አርባ ቀን ሙሉ በሆዴ ይዤባት ነበር። ልጄ ጨከነች ብዬ። ስሟን አልጠራም ብዬ።»

ደግሰው ኪሱ ገባና የእናቱን ስልክ አወጣ። አብርቶ ሰጣቸው። አልጮኽኩበትም። ምን ብዬ?

«ደውይልኝ» አሉኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ እየገፉ። «አንቺ ነሽ የምታገናኚኝ።»

ደግሰው «ቅረጪው እንጂ» አለኝ ከኋላ። አልቀረጽኩም።

ደወልኩ። አልገባም። ደወልኩ። ጠርቶ ተቋረጠ። ማንንም አልሰደብኩም። እንደገና ደወልኩ።

«ፍቅር?» አለች።

ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ፤ ከጎናቸው ተቀምጬ ትከሻቸውን ያዝኩ።