ዘይት የነካው ቃጫ

ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን 2007

…ከቃጫና ከሙጫ የተሠራውን ስባሪ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ነበር፣ መምህራችን፣ አዲስ አበባ፣ ያ መስኮት የሌለው ወርክሾፕ ውስጥ። አሽትቶ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ሐሳቤ ምሳ ላይ ነበር። ዛሬ ሙጫውን ሳዋህድ ትዝ አለኝ።

የአጁሉን ሰው ሠራሽ እግር ቀፎ ሠራሁ፤ ከጉልበቷ በታች የቀረው እግር የሚገባበትን። በጄሶው ቅርጽ ላይ ቃጫ፣ ሙጫ፣ ደግሞ ቃጫ። ሙጫው ከተክል ዘይት የተሠራ ኢፖክሲ ነው። በጁባ ሙቀት ኩባያው ውስጥ እንዳለ ሊደርቅብኝ ይደርሳል። ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ተጣደፍኩ። ከዚያው ቃጫና ሙጫ ለመፈተኛ የሚሆን ጠፍጣፋ ቁራጭ አወጣሁ። ጣሳው ውስጥ የቀረው ለአንድ ቀፎ ይበቃል። ከበቃ።

ወገቤ።

ሐሙስ

ቀፎው ከጄሶው ወጣ። የማር ቀለም አለው። የብረት ዘንጉና የጎማ እግሩ ከተገኙ ቆይተዋል፤ የጎደለው ይህ ነበር።

አጁሉ መጥታ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ያደገችው ጋምቤላ ነው፤ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። እግሯን ያጣችው ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ እዚህ ጁባ ተኩሱ ሲጀመር ነው። «እህቴ፣ ይሄ ከቀኝ እግሬ ያምራል» አለች።

ሰኞ አትላባራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቷ ይከፈታል። ቆማ ማስተማር ካልቻለች ርዕሰ መምህሩ ክፍሏን ለሌላ ይሰጣል። በክራንች ተደግፎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ አልሆነላትም።

ፈተናው ነገ ነው አልኳት።

«የምትፈትኚው እኔን ነው እሱን?»

ዓርብ

ቁራጩን በሁለት ብሎኬቶች ላይ አጋደምኩት። መሀሉ ላይ ጀሪካን አንጠልጥዬ ውሃ ጨመርኩ። ጀሪካኑ ገና ሳይሞላ ቁራጩ ተላጠ። አልተሰበረም፤ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ቃጫው ከሙጫው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አሸተትኩት። ሰሊጥ።

ጋሽ ሸምሱ ከጁምዓ ሲመለስ ጠየቅኩት። የግቢው ባለቤት ነው፤ ጀበል ገበያ ሱቅ አለው። አልደበቀኝም።

«ቃጫሽ ሽቦው ላይ ደርቆ እሾህ መስሎ ባየው አሳዘነኝ። አንቺ ጭንብል ልትገዢ ወጥተሻል። ቀባሁልሽ። በአባቴ ቤት ቃጫ ዘይት ካልጠጣ ገመድ አይሆንም።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ እኔ ገመድ አይደለም የምሠራው።»

«አሁን ገና ነገርሽኝ። ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ልጄ።»

ቃጫውን በኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፌ፣ ደጋግሜ ያጠብኩት ቅባቱ እንዲለቅና ሙጫው እንዲይዝ ነበር። ልቆጣ ፈለግኩ። ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል።

ቀፎውም ከዚያው ቃጫ ነው።

ቅዳሜ

በቀረው ሙጫና ቀድሞ ታጥቦ ጆንያ ውስጥ በነበረ ባልተቀባ ቃጫ ሌላ ቀፎ ሠራሁ። የጣሳውን ጥግ ሁሉ ፍቄ እንደምንም አብቃቃሁት። ጋሽ ሸምሱ ሳፋውን ያዘልኝ። እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደ ቀዶ ሐኪም ወደ ላይ አንስቶ ነው የመጣው። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ኩባያ ውስጥ ቢቸኩልም፣ ይህ ሙጫ ቃጫ ላይ ሳስቶ ሲቀባ ሰው የሚሸከም ጥንካሬ የሚያገኘው በአምስት ቀን ነው። ለሰኞ አይደርስም። ይህን ለአጁሉ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ቀኑ አለቀ።

ሰኞ

በማለዳ መጣች፣ ቀሚሷን ተኩሳ። ሁለቱም ቀፎዎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አዲሱን በጥፍሬ ተጫንኩት፤ ምልክቱ ቀረበት። የመጀመሪያውን ቀፎ ዘይት ነክቶታል፣ አብሮት የተሠራው መፈተኛ ቁራጭ ተልጧል አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

«ይላጣል ወይስ ሊላጥ ይችላል?»

«አላውቅም። ጥቂት ቀን ታገሺ።»

«ርዕሰ መምህሩንስ አንቺ ታስታግሺዋለሽ?»

ጋሽ ሸምሱ ሄጄ ራሴ እለምነዋለሁ አለ።

«ምን ብለህ? ልጅቷን እንደ ሰላጣ ዘይት ነካ አደረግኳት ብለህ?» አለችው። እሱ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከቀፎው ላይ አልተነሳም።

ዘንጉና እግሩ የተገጠሙበትን የመጀመሪያውን አጠለቀች። ማሰሪያውን አጠበቅኩላት፤ ጠብቆ ሳለ እንደገና አጠበቅኩት። ቆመች። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ምንም የመሰንጠቅ ድምፅ የለም።

ክራንቹን ያዢ አልኳት። ያዘችው። እስከ በሩ ይዛው ሄደች። እዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፋው ወጣች።

በሩ ተዘጋ።